የሞተር ዘይት በስንት ኪሎሜትር ይለወጥ? የአንድ ቁጥር ታሪክ ከእንጦጦ ግርጌ

አዲስ መኪና የገዛ ሰው፣ ገና የወንበሩ ላስቲክ ሳይነሣ፣ ለወዳጆቹ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች የመጀመሪያው «ዘይቱን በስንት ኪሎሜትር ልለውጥ?» የሚል ነው። መልሱ ግን እንደ መላሹ ይለያያል። አንዱ «የፋብሪካው ዘይት በ1,000 ኪሎሜትር መውጣት አለበት» ይላል፤ ሁለተኛው «ከ3,000 አታሳልፍ» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ሦስተኛው «በየ5,000 ይበቃል» ሲል፣ ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ ደግሞ 10,000 ኪሎሜትር ይፈቅዳል። ከእነዚህ መካከል ፈጽሞ ከንቱ የሆነ ቁጥር የለም። እያንዳንዱ ቁጥር የተወለደበት ዘመን፣ የተስማማው ሞተርና የተሰጠበት ምክንያት አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የቁጥሮቹን የትውልድ ሐረግ ተከትሎ፣ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ሥር ለምንኖር ባለመኪናዎች የሚበጀው የትኛው እንደሆነ መመርመር ነው።

እንደሚታወቀው፣ አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞ የመጣው፣ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም የራሱን መኪና እየነዳ የደረሰው በዚያው ዓመት ነበር። በዚያ ዘመን በብዙዎቹ ሞተሮች ዘይቱ ከላይ እየተንጠባጠበ ብረቱን አለስልሶ፣ ከፊሉ ተቃጥሎ በጢስ መልክ ይወጣ፣ ከፊሉም መንገድ ላይ ይፈስ ነበር። ስለዚህ የነጂው ጭንቀት «መቼ ልለውጥ?» ሳይሆን «ምን ያህል ልጨምር?» የሚል ነበር። ለበቅሎ በየማደሪያው ገብስ እንደሚሰጣት ሁሉ ለሞተሩም በየማረፊያው ዘይት ይሰጠው ነበር ማለት ነው። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ግን መኪናውም ዘይቱም ከጅቡቲ ወደብ በሐዲድ መጫን ስለ ጀመረ፣ የመኪናው ቁጥር ቀስ በቀስ እየበዛ ሄደ።

የ«መቼ ልለውጥ?» ጥያቄ የመጣው ዘይቱ በሞተሩ ሆድ ተጠራቅሞ እየተሽከረከረ እንዲሠራ በተደረገ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣችው ፎርድ ሞዴል ቲ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። በዚህች መኪና የዘይት ፓምፕም ሆነ የዘይት ፊልትሮ አልነበረም፤ ዘይቱ በሚሽከረከሩት ብረቶች እየተረጨ ነበር ሥራውን የሚሠራው። ፋብሪካው ለገዢዎች ያሳተመው መመሪያም አዲሱ ሞተር ጥቂት መቶ ኪሎሜትር እንደ ሄደ የመጀመሪያው ዘይት እንዲፈስ፣ ከዚያም በየ750 ማይሉ፣ ማለትም በየ1,200 ኪሎሜትሩ ገደማ እንዲለወጥ ያዝዝ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዚያ ዘመን ብረት በዛሬው ጥራት ስለማይሞረድ ፒስተኑና ሲሊንደሩ የሚላመዱት እርስ በርስ እየተፋጩ ነበር፤ ከፍጭቱ የሚወጣውን የብረት ብናኝ፣ ከመንገድ የሚገባውን አቧራ የሚይዝ ማጣሪያም አልነበረም። ዛሬ በየሠፈሩ የምንሰማው «የመጀመሪያው ዘይት በ1,000 ይውጣ» የሚል ምክር የዚያ ዘመን ቅርስ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እየረዘመ የሄደው በሦስት ዋና ምክንያቶች ነው። አንደኛው ፊልትሮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1923 ኧርነስት ስዊትላንድና ጆርጅ ግሪንሃልግ የተባሉ አሜሪካውያን ፒዩሮሌተር የሚል ስም የሰጡትን የዘይት ማጣሪያ አስመዘገቡ። ሁለተኛው በዘይቱ ውስጥ የሚጨመረው ቅመም ነው፤ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጥቀርሻን የሚያጥብ፣ አጥቦም ሳይዘቅጥ ተንሳፎ እንዲቆይ የሚያደርግ ኬሚካል ከዘይት ጋር መደባለቅ ተጀመረ። ሦስተኛው የሞተሩ አሠራር መጥራቱ ነው፤ ሲሊንደሮች በትክክለኛ ልክ በተሞረዱ መጠን፣ በፋሻዎቹ በኩል ወደ ዘይቱ የሚሾልከው ጋዝና ቤንዚን እየቀነሰ ሄደ።

በአገራችን የጋራዥ ሙያ በሰፊው የተስፋፋበት ዘመን የትኛው እንደሆነ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባልስትራ፣ ካርቡራቶር፣ ቢየላ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ በኮተቤ በኩል ወጥቶ በሰንዳፋና በደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ለከባድ መኪና እንዲመች ሆኖ ሲሠራ፣ ከካሚዮኖቹ ጋር ሜካኒኮችም ገብተው ነበር። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ሙያው ከኢትዮጵያውያን ረዳቶች እጅ ገባ፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከዋና ሜካኒክ ወደ ረዳት በቃል ተላለፈ። በቃል የሚተላለፍ ዕውቀት ቁጥሩን ይጠብቃል፤ የቁጥሩን ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ በመንገድ ይጥላል።

የ5,000 ኪሎሜትርም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ መካከለኛ ገቢ ያለው ሠራተኛ ሊያገኛት ይችል የነበረችው መኪና፣ ሁላችንም ቮልስ የምንላት ቮልስዋገን ነበረች። የቮልስ ሞተር የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን፣ የሚያጣራውም የሽቦ ወንፊት እንጂ የወረቀት ፊልትሮ አይደለም። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑም ዘይቱ የማለስለስ ብቻ ሳይሆን የማቀዝቀዝ ሥራ ጭምር ነበረበት። ስለዚህ ፋብሪካው በየ5,000 ኪሎሜትሩ ዘይት እንዲለወጥ፣ አቧራ በበዛበት አገር ደግሞ ጊዜው እንዲያጥር አዘዘ። በእኔ ግምት፣ 5,000 በጋራዦቻችን እንደ ሕግ ሆኖ የቀረው ባመዛኙ በዚህች ትንሽ መኪና የተነሣ ነው።

ከፋብሪካው መጽሐፍ የማይገኝ፣ ለእኛ ግን ዋና የሆነ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ከፍታችን ነው። መገናኛና ኮተቤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላቸው፤ የእንጦጦ ጀርባ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በመገናኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲሠራ አየሩ ይሳሳል፤ የቤንዚኑ ድርሻ ግን በዚያው መጠን አይቀንስም። ሳይቃጠል የቀረው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ በፋሻዎቹ መካከል ይወርድና ዘይቱን ያቀጥነዋል። የቀድሞ ሜካኒኮች የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው ያሸቱ የነበረው ለከንቱ አልነበረም፤ የቤንዚን ሽታ ካለ ዘይቱ ኪሎሜትሩን ሳይጨርስ ይለወጥ ነበር። በኮምፒዩተር የሚታዘዙት የዛሬ ሞተሮች የአየሩን መጠን ለክተው ቤንዚኑን ስለሚመጥኑ ይህ ችግር በእጅጉ ቀንሷል። ዳገቱ ግን አልቀነሰም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ የሚወጣ መኪና፣ ጉልበቱ በስስ አየር ተቀንሶ፣ በከባድ ማርሽ እየጮኸ በሚወጣበት አንድ ኪሎሜትር፣ ሞተሩ በሜዳ ላይ በሦስት ኪሎሜትር ከሚዞረው የማያንስ ሊዞር ይችላል። የኪሎሜትር ቆጣሪው ግን የሚመዘግበው አንድ ብቻ ነው።

ቆጣሪው የሚደብቀው ሌላም ነገር አለ፤ ሰዓት ነው። በሰዓት 60 ኪሎሜትር ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ መኪና 5,000 ኪሎሜትር የሚጨርሰው በ83 ሰዓት ገደማ ነው። ከኮተቤ አራት ኪሎ በመኪና መጨናነቅ መካከል በሰዓት 20 ኪሎሜትር የሚጓዘው ግን ለዚያው ርቀት 250 ሰዓት ይሠራል። ዘይቱ ሦስት እጥፍ ደክሞ ሳለ መጽሐፉ ሁለቱን እኩል ይቆጥራቸዋል።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። የመጀመሪያዬን አዲስ መኪና በገዛሁ ጊዜ «መጽሐፉ 10,000 ብሏል» ብዬ በኪሎሜትር ብቻ ተመካሁ። ቤቴ ኮተቤ፣ ሥራዬም ከተማ መካከል ስለነበረ በዓመት ተመንፈቅ የሄድኩት 7,000 ኪሎሜትር ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ዘይቱን አልነካሁትም። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት መንኳኳት ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። ክዳኑን ከፍተው በጣታቸው ጠረግ አድርገው አሳዩኝ፤ ዘይቱ እንደ ጥቁር ጭቃ ረግቶ ነበር። «ጋሼ፣ ገና 10,000 አልሞላም እኮ» ብላቸው፣ «ልጄ፣ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል?» አሉኝ። አላነበብኩትም ነበር። ከሰንጠረዡ ሥር «በአቧራ፣ በአጫጭር ጉዞ፣ ቆሞ በመሥራት ወይም በከባድ ጭነት የሚያገለግል መኪና በየ5,000 ኪሎሜትሩ ወይም በየስድስት ወሩ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው» የሚል ሁለተኛ ትእዛዝ ተጽፎ ነበር። የጥቂት ሊትር ዘይት ዋጋ ለመቆጠብ ስል ለሞተር ጥገና የከፈልኩትን ገንዘብ ባሰብኩ ቁጥር፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት ትዝ ትለኛለች።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ እንዲህ ነው። አዲስ መኪና የገዛ የየካ ነዋሪ፣ የመጽሐፉ ትልቅ ቁጥር ለእርሱ እንዳልተጻፈ ይወቅ፤ አጭር ጉዞ፣ ዳገት፣ አቧራና መጨናነቅ አንድ ላይ የተገናኙበት አገር «ከባድ አገልግሎት» ከሚለው ዐምድ ውጭ ሊመደብ አይችልም። 5,000 ኪሎሜትር ወይም ስድስት ወር የሚለው የአባቶቻችን ልማድ ምክንያቱ ቢለወጥም ዛሬም ይበጀናል። የፋብሪካውን የመጀመሪያ ዘይት በተመለከተ ግን መጽሐፉ በ1,000 ኪሎሜትር ለውጥ ካላለ፣ የሞዴል ቲን ሕግ ለዛሬ ሞተር መጫን አስፈላጊ አይደለም። የዘይቱ መጥቆርም ብቻውን የመበላሸት ምልክት ሆኖ መቆጠር የለበትም፤ አጣቢ ቅመም ያለው ዘይት የሚጠቁረው ቆሻሻውን ተሸክሞ ስለሚዞር ነው። ከቀለሙ ይልቅ የዘይቱን መጠን በየሳምንቱ በዘንጉ መለካት ይበልጥ ይጠቅማል።

የወጣው ዘይት ወዴት ይሄዳል የሚለውም ጥያቄ ከሙያችን ክብር ጋር የተያያዘ ነው። የተቃጠለ ዘይት ዱሮ የባሕር ዛፍ ቋሚ እንዳይነቅዝ ይቀባ ነበር፤ የተረፈው ግን በየቦዩ ሲደፋ ኖሯል። ከእንጦጦ የሚወርደው የቀበና ወንዝ በየሠፈሮቻችን መካከል የሚያልፍ በመሆኑ፣ በቦይ የደፋነው ዘይት ከታች ልብስ ለሚያጥበውና አትክልት ለሚያጠጣው ወገናችን መድረሱ አይቀርም። ጋራዥ ያለው አባል ሁሉ ለዚህ በርሜል ቢያዘጋጅ ከምክር ሁሉ የበለጠ ምክር ይሆናል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የሞተር ዘይት የማያስፈልጋቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች በመገናኛ አደባባይ መታየት ጀምረዋል። አንዳንዱ ሰው ከዚህ ተነሥቶ የዘይት ነገር ያለፈበት ወሬ ነው ይል ይሆናል። እኔ ግን ተቃራኒውን አስባለሁ። በእጃችን ያለው የቤንዚን መኪና ምትኩ በቀላሉ የማይገኝ ሆኗልና፣ ዕድሜው የሚወሰነው በባለቤቱ ጥንቃቄ ነው። ከቤንትሊ መኪና ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የተማርነው አንድ ነገር ቢኖር፣ የዘይት መለወጫ ቁጥር ሁሉ ከአንድ ሞተር፣ ከአንድ መንገድና ከአንድ ዘመን ጋር የተቆራኘ መሆኑ ነው። ቁጥሩን የወረሰ ሰው ምክንያቱንም አብሮ ሊወርስ ይገባዋል።