የሰላሌው ጳጳስ ምላሽ

ከአዲስ አበባ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚሄደው መንገድ በሱሉልታና በጫንጮ አልፎ ወደ ደብረ ሊባኖስና ወደ ፍቼ ያደርሳል። እኔ በዚሁ መንገድ ዳር፣ ሱሉልታ ላይ፣ ለሰንበት ተማሪዎች የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አስተምራለሁ። ልጆቹ ክርስቶስ ንጉሣቸው እንደሆነ ገና በሕፃንነታቸው ዘምረውታል። ንጉሥ ከሆነ ግን ትእዛዝ አለው፤ ትእዛዙም ከምድራዊ ገዥ ትእዛዝ ጋር የሚጋጭበት ቀን ይመጣል። ስለዚያ ቀን ሳስተምር የምተርከው የአቡነ ጴጥሮስን ታሪክ ነው።

አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌዋ ፍቼ ልጅ ናቸው፤ በደብረ ሊባኖስም ተምረዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የምትቀበለው ከግብፅ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ግን አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ላይ ጵጵስና ተቀበሉ፤ አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ። አራቱም የተሾሙት በአንድ ፓትርያርክ እጅ ነው።

ሰባት ዓመት ሳይሞላ ፈተናው መጣ። ጣልያን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የራስ ካሣ ልጆች፣ ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋወሰን፣ በሰላሌ ጦር ይዘው ቆዩ፤ አቡነ ጴጥሮስም ከእነርሱ ጋር ነበሩ። ሐምሌ 21 ቀን አርበኞች ከየአቅጣጫው ከተማዋን ለማስለቀቅ ተነሡ። ክረምቱ ከብዶ ነበር፤ ወንዞች ሞልተው ጦሩ በአንድ ጊዜ ሊገናኝ አልቻለም፤ ጥቃቱም ከሸፈ። ጳጳሱ በጠላት እጅ ወደቁ።

ለፍርድ ሲቀርቡ የተጠየቁት ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ግብፃዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስና ሌሎች ካህናት የኢጣልያን መንግሥት ተቀብለው ሳለ እርሳቸው ብቻ ለምን እንደሸፈቱ ተጠየቁ። ሲመልሱ፣ ታሪክ እንደሚነግረን፣ አቡነ ቄርሎስ ግብፃዊ እንደሆኑ፣ እርሳቸው ግን ኢትዮጵያዊ እንደሆኑ፣ ለአገራቸውና ለቤተ ክርስቲያናቸው ኃላፊነት እንዳለባቸው፣ ከፈጣሪያቸው በቀር ሌላ ዳኛ እንደማያውቁ ተናገሩ። ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተገደሉ።

አብረዋቸው ከተሾሙት ሁለቱን እንይ። አቡነ ሚካኤል ጎሬ ላይ በጣልያኖች ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ከጣልያን ጋር ሆኑ፤ ጣልያኖች የቤተ ክርስቲያኒቱ ራስ አድርገው ሾሟቸው፣ እስክንድርያም አወገዘቻቸው። ሹመቱ አንድ ነበር፤ መንገዳቸው ግን ተለያየ። ማዕረግ በሰው ፈንታ አይታዘዝም፤ ሰው ራሱ መታዘዝ አለበት።

ሰላሌ በዚህ አላረፈም። የራስ ካሣ ልጆች የምሕረት ቃል ተሰጥቷቸው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ተገደሉ። በዚያው ዓመት ግንቦት፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ክብረ በዓል ሰሞን፣ የጣልያኑ እንደራሴ የግራዚያኒ ጦር የደብረ ሊባኖስን ገዳም ከበበ። ግራዚያኒ በሪፖርቱ 297 መነኮሳት እንደተረሸኑ አስታወቀ፤ በኋላ የተደረገው ጥናት ግን የሟቾቹን ቁጥር ከአንድ ሺህ በላይ ያደርሰዋል።

ዛሬ ሱሉልታ ከሰበታና ከቡራዩ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ናት። የምትጠይቀን ሞት አይደለም። መሬት ውድ ሆኗል፤ በሐሰት እንዲመሰክር፣ በማያውቀው ውል ላይ እንዲፈርም የሚለመን ሰው አለ። ተማሪዎቼ «ሁሉም ያደርገዋል እኮ» ሲሉኝ ዳኞቹ ለአቡነ ጴጥሮስ ያቀረቡት ጥያቄም ይኸው እንደነበር እነግራቸዋለሁ። እርሳቸው ሌሎቹን አልቆጠሩም። ክርስቶስን ንጉሤ የሚል ሰው የሚጠየቀው በጎረቤቱ ፊርማ አይደለም፤ በራሱ ነው።