ስለ አዲስ ዓለም ሕንፃ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ አዲስ ዓለምን ያገኛል። በኮረብታው ላይ ያለው የማርያም ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የታሰበው ለቤተ መንግሥት እንደ ነበረ ግን ብዙው መንገደኛ ሳያውቅ ያልፋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሕዝቧ እየበዛ፥ በዙሪያዋ ያለውም ደን እየተመነጠረ ሄደ። የቀድሞው ልማድ ማገዶ ባለቀ ጊዜ ሰፈር መንቀል ነበር። ስለዚህ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ኤጀርሳ በምትባለው ደናም አገር ከተማ ቆርቁረው አዲስ ዓለም አሏት። ኤጀርሳ በኦሮምኛ ወይራ ማለት ነውና፥ ማገዶ ፈላጊው መንግሥት ስፍራውን በስሙም መርጦታል ያሰኛል።

እዚህ ላይ ስለ ጡብ ጥቂት እንበል። ጡብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በአክሱም ከ4ኛው ምእት ዓመት ግድም የሆነ፥ በተተኮሰ ጡብ የተሠሩ ቅስቶች ያሉት መቃብር ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙው ቤታችን የእንጨትና የጭቃ ሆኖ ኖረ። በምኒልክ ዘመን ከሕንድና ከሌላም አገር የመጡ ግንበኞች የድንጋዩንና የጡቡን ሥራ አስፋፉት። ይሁን እንጂ ጡብም ኖራም በእሳት የሚበስሉ ናቸው፤ እንጨትን ለመተው በጡብ የሚገነባ ሰው አስቀድሞ ብዙ እንጨት ማንደድ ነበረበት።

የአዲስ ዓለም ሥራ ተጀመረ፤ ከአዲስ አበባም የሚያደርስ መንገድ ወጣ፤ ይህም በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። መንግሥቱ ግን ሳይዛወር ቀረ። ብዙዎች ለዚህ ምክንያት የሚያደርጉት ባሕር ዛፍን ነው። በእርግጥ ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፥ ከተቆረጠም በኋላ እንደ ገና ያቆጠቁጣል፤ ለከተማይቱም ትልቅ ባለውለታ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ቤቶቹም ድርሻ አላቸው። ድንኳንና ጎጆ በአንድ ቀን ይነቀላሉ፤ የድንጋይ ግንብ ግን ባለቤቱን ይይዘዋል። በአዲስ አበባ ቤት የሠሩት የውጭ አገር መልእክተኞችና ነጋዴዎች ገንዘባቸውን ጥለው መሄዱን አልወደዱትም።

በዚህ ሁኔታ በ1895 ዓ.ም. ገደማ ያልተፈጸመው ቤተ መንግሥት ለእመቤታችን ተሰጠ። አክሱም ጽዮንን እንዲመስል ታስቦ በጽዮን ስም ተሰየመ፤ ለአዳራሽ የታቀደውም ሕንፃ መቅደስ ሆነ፤ ግድግዳውም በሥዕል አጌጠ። ኮረብታውን የሚወጣ ሰው ዛሬም የሚሰማው የደወሉን ድምፅ ነው።