ከጎርፉ በኋላ



አዘጋጆቹ «ስላለሽበት አገር ታሪክ ጻፊልን» ሲሉኝ ስለ ሆስፒታል የምጽፍ መስሏቸው ይሆናል። እኔን ግን ኦሪገን ከመጣሁ ወዲህ የያዘኝ የወንዞቹ ታሪክ ነው። ሕክምና ሕክምና ይሸታልና ታገሡኝ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንጨት ቆራጮች ጊዜያዊ ግድብ ሠርተው ውሃውን ያቁሩና ግንድ ከምረው በአንዴ ይለቁት ነበር። ጎርፉና ግንዱ ተያይዘው ሲወርዱ የወንዙን ወለል እስከ አለቱ ድረስ ይልጡታል። ይህ ሳያንስ፣ ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ የዓሣ ባለሙያዎች ራሳቸው በወንዝ ውስጥ የወደቀውን ዛፍ አወጡት። የሳልሞንን መንገድ ይዘጋል ብለው ነው፤ በቅን ልቦና! ግንዱ ሲነሣ ጥልቁ ኩሬ ጠፋ፣ እንቁላል የሚጣልበት ጠጠር ታጠበ፣ ትንንሾቹ ዓሦች ከጎርፍ የሚሸሸጉበት አጡ።

በ1980ዎቹ ግንዱ በብዛት ተመለሰ፤ በብረት ገመድ ከቋጥኝ ጋር እየታሰረ። እኛም አገር የምናውቀው ጋቢዮን ሳይቀር ገባ። ከዚያ ጎርፍ መጣ።

ክሪስቶፈር ፍሪሴልና ሪቻርድ ናዋ በደቡብ ምዕራብ ኦሪገንና ዋሽንግተን በ15 ጅረቶች ላይ 161 ሥራዎችን መረመሩ። ጎርፉ በየ2 እስከ 10 ዓመቱ የሚመጣ ነው፤ ጉድ የሚባል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጽሑፍ የጅረቶቹ ሚዲያን 18.5 በመቶ ፈጽሞ የከሸፈ፣ ተጎድቶ የቆመው ሲደመር 60 በመቶ ነው። አወዳደቁም ዓይነቱ ብዙ ነበር፤ ከአሠራሩ ጋር ቀላል ዝምድና አልተገኘለትም። ጉዳቱ የተስፋፋው ዙሪያው በቅርቡ በተረበሸ፣ ደለል በበዛበት ወንዝ ላይ ነው። በሽታው ዳገቱ ላይ፣ ፋሻው እግር ላይ!

እ.ኤ.አ. በ1998 ብሬት ሮፐርና ባልደረቦቹ በ94 ጅረቶች 3,946 ሥራዎችን ቆጠሩ። ጎርፉ ከ5 ዓመት አንዴ ከሚመጣው የበለጠ ነበር፤ ከቦታቸው የተጠረጉት ግን ከ20 በመቶ በታች ሆኑ።

ታዲያ ማን ተሳሳተ? ማንም። አንዱ «ሥራውን ይሠራል ወይ?» ብሎ ጠየቀ፣ ሌላው «ቦታው ላይ አለ ወይ?» አለ። ዓሣውን ግን አንዱም ቆጠራ አልጠየቀም።

ይህን ሳነብ ኢንተርን ሳለሁ ያከምኩት ልጅ ትዝ አለኝ። እግሩ ተሰብሮ ነበር። ጀሶው አልተሰነጠቀም፣ አልላላም፤ ካርዱ ላይ «ተሽሎት ወጣ» ብዬ ፈረምኩ። ከወራት በኋላ እናቱ ይዛው መጣች፤ አጥንቱ ተጣሞ ገጥሟል፣ ያነክሳል። የእኔን ፊርማ ከካርዱ ላይ ያነበብኩት ራሴ ነኝ።

ዛሬ እዚህ ብዙ ቦታ ከወንዙ ስፋት የሚረዝም ግንድ ከነሥሩ ሳያስሩ ያስቀምጣሉ፤ ወንዙ ቢያንቀሳቅሰውም እንደ ውድቀት አይቆጥሩትም። ባለፈው ታኅሣሥ (እዚህ ዝናቡ በብርድ ነው) ከጎርፍ በኋላ ሰፈራችን ያለውን ወንዝ ላይ ወረድኩ። የማውቀው ግንድ ቦታው ላይ የለም። ወደ ታች ሄዶ መታጠፊያው ላይ ተጋድሟል፤ ከሥሩ ውሃው ቆፍሮ ኩሬ ሠርቷል። ውሃው ደፍርሶ ስለነበር ሲጠራ ልመለስ ወስኜ ወደ ተረኛነቴ ሮጥኩ።