የዛንደር ልጅ፣ የእሴተ ወርቅ ልጅ
የጀርመንና የኢትዮጵያ ደም የተቀላቀለበት የትውልድ ሐረግ እንዴት ይፈለጋል?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል የአገራችን ሰው። ሰው ከትውልድ መንደሩ፣ አፉን ከፈታበት ቋንቋ፣ ካደገበት አገር ቢርቅም «የማን ልጅ ነኝ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ቀን ተመልሶ ይይዘዋል። አባቱ ከአንድ አገር፣ እናቱ ከሌላ አገር ለሆኑ ሰው ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል፤ መልሱ በአንድ ቦታ ተጠቃሎ አይገኝምና። ግማሹ በአንድ ቋንቋ በወረቀት ሰፍሮ፣ ግማሹ በሌላ ቋንቋ በሽማግሌዎች አንደበት ተይዞ ይቀራል።

በጅቡቲ የምንኖር አማርኛ አንባቢዎች ለዚህ ጉዳይ እንግዶች አይደለንም። በ2009 ሥራ በጀመረው የዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ የሚያልፈው ዕቃ እያንዳንዱ ቁጥር አለው፤ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሰነዱ ይናገራል። ከመቶ ዓመት በላይ በዚህች አገር በር ሲወጣና ሲገባ የኖረው ሰው ግን እንደ ዕቃው ቁጥር የለውም። የአያቱን አገር በስም ብቻ የሚያውቅ፣ ስሙንም በትክክል መጻፍ የማይችል ቤተሰብ በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ይህ ጽሑፍ ጀርመናዊ አባት ካላቸው ቤተሰቦች መካከል የአንዱን ታሪክ እየተከተለ፣ ፍለጋው እንዴት እንደሚከናወንና ለምን በብዙ ሰዎች ትብብር ብቻ እንደሚሳካ ለማሳየት ይሞክራል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሠዓሊው፣ የዕፅዋት ተመራማሪውና የጋፋት ሰዎች

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከቀሩት ጀርመናውያን ቀደምት ከሆኑት አንዱ ጌዖርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። በ1804 የተወለደው ይህ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በደጃዝማች ውቤ ዘመን የእንትጮ ገዥ እስከ መሆን ደረሰ። ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ በ1878 በዓድዋ ዐረፈ። ስሙ ዛሬም በበርካታ የኢትዮጵያ ዕፅዋት ሳይንሳዊ መጠሪያ ላይ ይገኛል።

ሁለተኛው ኤድዋርድ ዛንደር ነው። በ1813 በአንሃልት የተወለደው ይህ ሠዓሊ በ1847 መጥቶ በመጀመሪያ ደጃዝማች ውቤን አገለገለ። በ1855 ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ውቤን ድል አድርገው በደረስጌ ማርያም «ዐፄ ቴዎድሮስ» ተብለው ሲነግሡ ዛንደርም ወደ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት አገልግሎት ተሻገረ።

ከ1850ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ማሠልጠኛ የተላኩ ባለእጆች መጡ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንስለን፣ ዛልሙለር፣ ዋልድማየር የተባሉት እነዚህ ሰዎች ከደቡብ ጀርመንና ከስዊዘርላንድ የመጡ ነበሩ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሰፍረው ለንጉሠ ነገሥቱ የጦር መሣሪያ የሠሩት፣ «ሴባስቶፖል» የተባለውንም መድፍ ያቀለጡት ከመካከላቸው የነበሩት ናቸው። በአገሩም ተጋብተው ተዛመዱ፤ የእንግሊዛዊው የጆን ቤል ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዷ ዋልድማየርን፣ አንዷ ዛልሙለርን አገቡ። እንዲህ እያለ ከጥቂት ጎጆዎች የተነሣው ዝምድና በመቅደላው ጦርነት ማግሥት በዓለም ላይ ተበተነ።

ከመቅደላ እስከ ለንደን

ዛንደር ከጎንደር ቤተ መንግሥት ወይዘሮ ከነበሩት ከእሴተ ወርቅ በ1850 ሴት ልጅ ወለደ። ልጅቱ ወለተ ኢየሱስ ትባል ነበር፤ በአውሮፓውያን መዝገብ የምትታወቀው ግን ካታሪና በሚለው ስም ነው። ካደገችም በኋላ ሞሪትስ ሃል የተባለውን የመድፍ ባለሙያ አገባች። ሃል በክራኮቭ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ በኋላ ክርስትናን የተቀበለና ከጋፋት ሰዎች ጋር የሠራ ሰው ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (ኤፕሪል 13 ቀን 1868) ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲሞቱ አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ዛንደር በዚያው ዓመት ሞተ። ሃልና ወለተ ኢየሱስ በፍልስጥኤም ምድር፣ በያፋ ኖሩ። በዚያው በ1868 የተወለደችው ልጃቸው ማግዳሌና በያፋ ፕላቶ ፎን ኡስቲኖቭ የተባለውን፣ የቩርተምበርግ ዜግነት ያገኘውን የሩሲያ መኰንንት ተወላጅ አገባች። ልጃቸው ዮና በ1892 በያፋ ተወለደ። የዮና ልጅ ደግሞ በ1921 በለንደን የተወለደው፣ በመላው ዓለም የታወቀው ተዋናይና ደራሲ ሰር ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ከወለተ ኢየሱስ ልጆች አንዱ ዳዊት ሃል በበኩሉ ወደ እናቱ አገር ተመልሶ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ ለመሆን በቅቷል።

ፒተር ኡስቲኖቭ ከኢትዮጵያ ንጉሣውያን ቤተሰብ ጋር ዝምድና አለው ሲባል ብዙ ዘመን ተወርቷል። ወሬው መነሻ አልነበረውም አይባልም፤ በአፍ ሲተላለፍ ግን የቤተ መንግሥቷ ወይዘሮ ልዕልት ሆነች። ነገሩን ያጠራው የተመራማሪዎች ሥራ ነው። ኡስቲኖቭ በ2004 ባረፈ በዓመቱ፣ በ2005፣ ጀርመናዊው የታሪክ ተመራማሪ ቮልበርት ስሚት የዚህን ቤተሰብ የኢትዮጵያ ግንኙነት የሚመለከት ጥናት በሐምቡርግ በሚዘጋጀው «ኤቲዮፒካ» መጽሔት አወጣ። በዚህም ዓይነት ጥናት ከንጉሣዊው ተረት ይልቅ የሚደንቅ እውነት ወጣ፤ አንዲት በስሟ የምትታወቅ የጎንደር እናት ተገኘች።

የዘር ፍለጋ መሣሪያ በሆነበት ዘመን

አንባቢ «የሞተ ሰው ስም ቢገኝ ባይገኝ ምን ይለውጣል?» ይል ይሆናል። ለዚህ ከኡስቲኖቭ ቤት የተሻለ መልስ የለም። ዮና ኡስቲኖቭ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን የተዋጋ፣ ወንድሙም በዚያው ጦርነት የሞተበት ሰው ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በለንደን የጀርመን ኤምባሲ የፕሬስ ኃላፊ ሆኖ ሠራ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ «አሪያዊ» መሆኑን በአያቶቹ የልደትና የጥምቀት ወረቀት እንዲያስረዳ ተገደደ። በ1935 ተራው የዮና ሆነ። የእናቱ አባት ከአይሁድ የተወለደው ሃል፣ የእናቱ እናት ከጎንደር የተወለደችው ወለተ ኢየሱስ ነበሩ። ዮና ማስረጃ አላቀርብም ብሎ ሥራውን ተወ፤ የእንግሊዝ ዜግነትም ወሰደ።

በዚያ ዘመን በየደብሩ የተቀመጠው የጥምቀት መዝገብ፣ ለቤተሰብ ፍቅር ሲባል ይገለጥ የነበረው ያው መዝገብ፣ ሰውን ከሥራው፣ ከቤቱ፣ በመጨረሻም ከሕይወቱ ለማፈናቀል ዋለ። ስለዚህ ማን እየፈለገ እንደሆነና ለምን እንደሚፈልግ መጠየቅ የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ሕግ ነው። ዘርን መፈለግ ዘርን ከዘር ለማበላለጥ ከሆነ ባይፈለግ ይሻላል። የተደበቀችን እናት ወደ ስሟ ለመመለስ ከሆነ ግን ትልቅ ፍትሕ ነው።

ሁለት ዓይነት ትውስታ

ፍለጋውን የሚያከብደው ዋናው ነገር የአሰያየም ልዩነት ነው። ጀርመናዊ የቤተሰብ ስሙን ከአያት ከቅድመ አያት ይወርሳል፤ ኢትዮጵያዊ ግን በስሙ ላይ የአባቱን ስም ይጨምራል፤ ስሙም በየትውልዱ ይለወጣል። ለጀርመን ጸሓፊ «ወለተ ኢየሱስ» የሚለው ስም ግማሹ የራስ፣ ግማሹ የቤተሰብ ስም ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን ትርጉሙ «የኢየሱስ ልጅ» የሆነ የክርስትና ስም መሆኑን እናውቃለን። «ሃል» የሚለውንም ስም የሚያይ ሰው ቤተሰቡን ከእንግሊዝ ሲፈልግ ዘመኑን ሊጨርስ ይችላል። በትርጉም ሥራ ላይ የቆየ ሰው እንደሚያውቀው ስም አይተረጐምም ቢባልም ከፊደል ወደ ፊደል ሲሻገር መልኩን ይለውጣል፤ አንዱን ቤተሰብ ጀርመኑ «ኡስቲኖቭ»፣ እንግሊዙ «ዩስቲኖቭ» ይለዋል።

ሌላው ፈተና ሞክሼነት ነው። ከዓድዋው ሺምፐር ጋር በአንድ ዘመን በስትራስቡርግ የኖረ ሌላ ቪልሄልም ሺምፐር ነበር፤ እርሱም የዕፅዋት ተመራማሪ፣ ለዚያውም የአጎት ልጁ ነው። የስም መመሳሰልም ያሳስታል። «ማግዳሌና» የሚለውን ስም ሰምቶ መቅደላን የማያስብ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ሆኖም ስሙ በጀርመን የተለመደ ስለሆነ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የዘመን አቆጣጠሩም ልዩነት አለ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ክፍተቱን ያላስተዋለ ሰው ልጅን ከአባቱ ሞት በኋላ ሊያስወልድ ይችላል። በጀርመን በኩል ደግሞ የቀድሞዎቹ መዛግብት «ኩረንት» በተባለ የእጅ ጽሕፈት የተጻፉ ናቸው፤ በዚህ ጽሕፈት «ኤ» እና «ኤን» የተባሉት ፊደላት እጅግ ስለሚመሳሰሉ የዛሬ ጀርመናዊ እንኳ ሳይማር አያነባቸውም።

የጀርመን ትውስታ የወረቀት ነው። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በመላው የጀርመን ግዛት የተጀመረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1876 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ያለው በየደብሩ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ይገኛል። እነዚህ የተደራጁት በአጥቢያ ስለሆነ የትውልድ መንደሩን ሳያውቅ የሚፈልግ ሰው በጨለማ እንደሚዳብስ ነው። የኛ ትውስታ ግን የቃል ነው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በአማራው አገር የርስት ባለመብት ለመሆን ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን መቁጠር ነበረበት። ስለዚህ የጀርመን መዝገብ የአባትን ስም ሲያጸና፣ የኛ ሽማግሌዎች ቃል የእናትንም መሥመር ይዞ ቆየ። የርስት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲቀር ትውልድ የመቁጠር ግዴታው አብሮ ላላ፤ ቆጣሪዎቹም አንድ በአንድ እያለፉ ነው።

እንግዲህ አንዱ ትውስታ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው። የአንሃልትን መዝገብ የሚያነብ ሰው ስለ እሴተ ወርቅ ምንም አያገኝም፤ የጎንደርን ትውልድ የሚቆጥር ሰውም ስለ ዛንደር አባት አይነግረንም። ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ ልጅቱ ሙሉ ትሆናለች።

የትብብሩ አባቶች

ይህ ዓይነቱ ትብብር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የመካነ ሥላሴው አማራ አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር በ1649 በሮም ሲገናኙ በመጀመሪያ የተግባቡት በግእዝ ነበር። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ከተማ ተጉዘው በመስፍኑ ግቢ አብረው ሠሩ። ሉዶልፍ በኋላ ያሳተማቸው የኢትዮጵያ ታሪክና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከዚያ ጉባኤ የፈለቁ ናቸው። አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ መላሽ ብቻ አልነበሩም፤ ሁለቱም ተማሪ፣ ሁለቱም መምህር ነበሩ። በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጾች የታተመው «ኤንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ» ኢትዮጵያውያንና የውጭ ምሁራን በጋራ የጻፉት በመሆኑ የዚያው መንገድ ቀጣይ ነው። በጀርመንም ከ1869 ጀምሮ በበርሊን የሚገኘውን «ሄሮልድ» የመሰሉ የትውልድ ጥናት ማኅበራት አሉ፤ በየመንደሩም የአጥቢያቸውን ቤተሰቦች አንድ በአንድ ለቅመው መጽሐፍ የሚያዘጋጁ በጎ ፈቃደኞች ሞልተዋል።

ከኛ በር

ጅቡቲ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። የዛንደር ዘመን ጀርመናውያን በምፅዋ በኩል ነበር የሚገቡት። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ግን ዋናው መንገድ ወደዚህ ዞረ። በ1905 በፍሪድሪኽ ሮዘን የተመራው የጀርመን መልእክተኛ ቡድን ከመርከብ የወረደው በጅቡቲ ነው፤ ማርች 7 ቀን ከዐፄ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ ባለሙያው በዚሁ በር አለፈ። የዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ቅኝ አስተዳደር መዛግብት ዛሬ በደቡብ ፈረንሳይ በኤክስ አን ፕሮቫንስ በሚገኘው ቤተ መዛግብት ይጠበቃሉ።

እንግዲህ አያቱ ጀርመናዊ፣ ግሪክ፣ አርመን ወይም የመናዊ የሆነ አንባቢ ከየት ይጀምር? ከወረቀቱ በፊት በሕይወት ካሉት እማሆይና አባባ ይጀምር። የተባለውን ስም እንደ ሰማው፣ ሳያርም ይጻፍ፤ የተሳሳተ የሚመስለው አጠራር የመንደሩን ፍንጭ ይዞ ሊገኝ ይችላል። የእናትን፣ የእናት እናትን፣ የክርስትና ስማቸውንና የደብራቸውን ስም ይጠይቅ። ዘመኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተነገረ ከጎኑ ያስፍር። ከዚያ በኋላ የማያውቀውን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይፈልግ፤ እርሱም በተራው የግእዝ ፊደል ለማይችለው ያንብብለት። የተገኘው ነገር ከቤተሰቡ ወሬ ያነሰ ሆኖ ቢገኝ አይዘን። ልዕልት ከምትባል ስም የለሽ ሴት ይልቅ እሴተ ወርቅ የምትባል እናት ትበልጣለች።