ግብር የሚያበላ ማን ነው? የመሥሪያ ቤት የዓመት መጨረሻ ድግስና የኋላ ታሪኩ

የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ነሐሴ ሲጋመስ፣ በዳባትም ሆነ በደባርቅ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ወረቀት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ መዞር ይጀምራል። የሠራተኛው ስም በተርታ ተጽፏል፤ ከስሙ አጠገብ የመዋጮው ልክ፣ ቀጥሎ የፊርማ ቦታ። «የአዲስ ዓመት መቀበያ» ይባላል። ወዲያው ክርክሩ ይከተላል። በሬ ይታረድ ወይስ በግ? ከደመወዝ ይቆረጥ ወይስ በእጅ ይሰብሰብ? ጥበቃውና ጽዳት ሠራተኛዋ ከኃላፊው እኩል ያዋጡ?

ነገሩ ተራ ይመስላል። ግን የድግስ ኮሚቴው ሳያውቀው የሚከራከረው በጣም በቆየ ጥያቄ ላይ ነው፤ ማን ለማን ይደግሳል?

የመጀመሪያው መልስ በአንድ ቃል ውስጥ ተቀምጧል፤ ግብር። በአማርኛ ግብር ሁለት ነገር ነው፤ ገበሬው ለገዢው የሚከፍለውም ግብር ነው፣ ገዢው ለሠራዊቱና ለሹማምንቱ የሚያበላውም ግብር ነው። ቃሉ አንድ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ከማሳው የወጣው እህል፣ ማርና ሰንጋ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው በር ድግስ ሆኖ ይወጣ ነበር። ገዢው ሲያበላ ለጋስ ተብሎ ይመሰገናል፤ ምስጋናው ግን በሰው እህል ነው።

የግብር ዋና ጉዳይ ምግቡ ብቻ አልነበረም፤ ወንበሩም ነበር። «ሥርዐተ ግብር» የሚባለው የመካከለኛው ዘመን የቤተ መንግሥት ሰነድ ለማን ምን እንደሚሰጥ ይዘረዝራል። በዳግማዊ ምኒልክ ግብር አዳራሽም ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ ቀድመው ይበላሉ፤ ከዚያ ወታደሩ በየተራ ይገባል። ማን የት እንደተቀመጠና የትኛው የሥጋ ብልት እንደደረሰው ያየ ሰው፣ የሹመት ደብዳቤ ሳያነብ የመንግሥቱን አሰላለፍ ያውቃል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሜን የራሱ ድርሻ አለው። የዘመኑን ታላላቅ ድግሶች ያሰናዱት እቴጌ ጣይቱ በአባታቸው ወገን የስሜን ሰው ናቸው፤ አባታቸው ራስ ብጡል ስሜንን ይገዙ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። በ1887 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ የተዘጋጀው ድግስ የእሳቸው ሥራ ነው። የምግብ ታሪክ አጥኚው ጄምስ ማካን ያንን ድግስ ዛሬ «የኢትዮጵያ ምግብ» የምንለው ከተቀረጸባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ያደርገዋል። ጣይቱ የተለያየ አገር ወጥና መጠጥ በአንድ ማዕድ ሰብስበው አገር አንድ መሆኑን ለማሳየት ተጠቅመውበታል። ድግስ በእሳቸው እጅ ፖለቲካ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የከብት በሽታ ገባና ክፉ ቀን መጣ፤ የሚታረድ ቀርቶ የሚያርስ በሬ ጠፋ።

ሁለተኛው መልስ ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከማሳ የመጣ ነው። በስሜን ግርጌ የገብሱ አጨዳ ሲደርስ እጅ ያጠረው ገበሬ ደቦ ይጠራል። ባለቤቱ ከቀናት በፊት ጠላ ትጠነስሳለች፣ በዋዜማው እንጀራ ትጋግራለች። ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ ሲሠራ ውሎ ይበላል፣ ይጠጣል። እዚህ ላይ ሕጉ የተገለበጠ ነው። የሚደግሰው የተሠራለት ነው፤ የሚበላው የሠራው ነው። ሠራተኛው እህል ተሸክሞ አይመጣም። ድግሱም ችሮታ ሳይሆን ዕዳ ነው፤ ደግሶ በደንብ ያላበላ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ደቦ ቢጠራ የሚመጣለት አያገኝም።

የዛሬው የመሥሪያ ቤት ድግስ ከሁለቱም ወርሷል፤ የወረሰው ግን የማይጣጣመውን ነው። ከግብር የክብር ወንበሩን ወሰደ፤ የፊተኛው ጠረጴዛ ለኃላፊዎች፣ የታሸገ ውኃና ለስላሳ እዚያ፣ ንግግሩም ከዚያ። ወጪውን ግን ወደ ሠራተኛው አዞረ። ዓመቱን ሙሉ የሠራው ሰው በመጨረሻው ወር ለራሱ ምስጋና ራሱ ይከፍላል። የጥንቱ ገዢ ቢያንስ አበላሁ ብሎ ስሙን ያስጠራ ነበር፤ የዛሬው ግን ሳያበላም ይመሰገናል።

ይህ ሲገንፍ ምን እንደሚመስል አገሪቱ በጳጉሜ 1976 ዓ.ም. አይታለች። ደርግ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን መሥርቶ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ለማክበር አዲስ አበባን በባንዲራና በቅስት አስጌጠ። ሠራተኛው ከየመሥሪያ ቤቱ ለሰልፍ ወጣ። በዚያው ጊዜ በወሎና በትግራይ ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። ዓለም የኮረምን ምስል በቴሌቪዥን ያየው በጥቅምት 1977 ነው፤ ከድግሱ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ።

«እንግዲያው መሥሪያ ቤቱ ይክፈል» የሚል መልስ ቀላል ነው። ለግል ድርጅት ትክክልም ነው። በደባርቅ ቱሪስት የሚያስተናግድ የሆቴል ወይም የጉዞ ድርጅት ባለቤት፣ ወደ ስሜን ተራሮች እንግዳ ይዘው ለወጡት አስጎብኚ፣ ወጥ ቤትና በቅሎ ነጂ በዓመቱ መጨረሻ ቢደግስ የደቦን ሕግ ፈጸመ እንጂ ቸርነት አላደረገም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ሌላ ነው። እዚያ ከበጀት የሚደገስ ድግስ በገበሬው ግብር የሚበላ ግብር ነው፤ ቃሉ ወደ ጥንቱ ትርጉሙ ተመለሰ ማለት ነው።

ለዚህ ሕዝቡ ሦስተኛ መልስ አለው፤ ቅርጫ። በሬው በጋራ ይገዛል፣ ሥጋው በእኩል መደብ ይመደባል፣ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። የኃላፊውም የዘበኛውም ድርሻ አንድ ነው። ያልቻለ አይገባም፤ ባለመግባቱም ስሙ በወረቀት አይዞርም። ሁሉም ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የዓመቱ ድካም ለልጆችም ይደርሳል።

ኮሚቴው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉ። በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ ያ ቀን ሁልጊዜ በሐዋርያት ጾም ውስጥ ይውላል፣ ጾሙ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነውና። መስከረም 1 ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ በ2017 እንደሆነው፣ ለጾመኛው ሥጋ አይሆንም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ስለዚህ አንድ በሬ ብቻ ያረደ ኮሚቴ ከባልደረቦቹ ከፊሉን ሳይጠራ ቀርቷል።

ለዳባት ደግሞ ከሁሉ የሚከብድ ነገር አለ። በነሐሴ 2013 መጨረሻ በወረዳው በጭና የትግራይ ኃይሎች ሰላማዊ ሰዎችን ገድለዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች 26 ሰዎች ያለፍርድ መገደላቸውን መዝግቧል፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት በወቅቱ ከመቶ በላይ ብለዋል፤ ህወሓት ክሱን አስተባብሏል። እንቁጣጣሽ የመጣው ከዚያ በኋላ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ነበር። ስለዚህ በዚህ ወረዳ የዓመት መጨረሻ የሙት ዓመትም ነው። የአዲስ ዓመት መቀበያ በሚደገስበት ሳምንት ተዝካር የሚያወጣ ባልደረባ ሊኖር ይችላል።

በባህሉ ሐዘን ያለበት ጎረቤት እያለ ከበሮ አይመታም፤ ወይ ድግሱ ይገፋል፣ ወይ ባለ ሐዘኑ ቤት ተሄዶ ይለመናል። መሥሪያ ቤትም ጎረቤት ነው። የስም ዝርዝሩ ከመዞሩ በፊት መዋጮው ስንት ይሁን ሳይሆን ማን ሐዘን ላይ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከቀሪው ጥያቄ ግማሹ በራሱ ይመለሳል። ምናልባት የዚያ ዓመት መዋጮ ለበሬ ሳይሆን ለአንድ ቤት ይሆናል፤ ባልደረቦቹም ቡናቸውን እዚያው ተቀምጠው ይጠጣሉ።

እንኳን አደረሳችሁ የሚባለው አብሮ ለደረሰ ሰው ነው። ያልደረሱትን የረሳ ድግስ ግብር ሊሆን ይችላል፤ ደቦ ግን አይሆንም።