የጌዴኦ ቁልቁለትና የዲላ ባለ እጆች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔና በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጐዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የሚያገኛት ዲላ፣ ዛሬ የጌዴኦ ዞን ርእሰ ከተማ፣ ቀድሞም በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር በዘመኑ አጠራር ደራሳ ይባል የነበረው አውራጃ መቀመጫ፣ ስሟ በቡና ሲነሣና ሲመሰገን ኖሯል። ያን ቡና ከተራራ አውርደው ለገበያ ያበቁት የካሚዮን ሹፌሮች፣ ረዳቶችና መካኒኮች ግን ፍሬኑንና ባሌስትራውን በገዛ እጃቸው ማበጀትን ከማንና እንዴት እንደ ተማሩት እምብዛም አይነገርም።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የአገሩን አቀማመጥ ማየት ይገባል። ዲላ ከስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ቡናው የሚበቅልባቸው ይርጋጨፌ፣ ኮቸሬና ገደብ ከእርሷ በላይ ናቸው፤ ቡሌ ደግሞ ጉም የማይለየው ደጋ ነው። ስለዚህ በጌዴኦ ምድር ካሚዮን ባዶውን ይወጣል፣ ተጭኖ ይወርዳል። ሞተር የደከመበት ሹፌር ዳገቱ ላይ ቆሞ ሊያርፍ ይችላል፤ ፍሬን የበጠሰበት ግን መቆሚያ የለውም። በዚህ ላይ የቡናው ለቀማ በዘመነ ጽጌ ተጀምሮ እስከ ጥር የሚዘልቅ በመሆኑ፣ የሚታጠበውም እሸት ቡና ተለቅሞ ሳያድር መፈልፈል ስላለበት፣ በዚያ ወራት አንድ ካሚዮን ቢቆም የሚጎዳው ባለንብረቱ ብቻ ሳይሆን በየማሳው ጥግ ቅርጫቱን ይዞ የሚጠብቀው ገበሬም ነው። ዲላ ለብዙ ዘመን ከአዲስ አበባ የሚመጣው አስፋልት ማብቂያ ስለ ነበረች፣ ከእርሷ ወዲያ ያለው የቀይ አፈር መንገድ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ጕድጓድ ሆኖ መኪናን ይሰባብር ነበር፤ ሰባራውንም ወደ ርእሰ መዲናይቱ ጋራዥ መላክ ወራቱን ማሳለፍ ነበር።

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸውን ሳስብ እጅግ እደነቃለሁ፤ ብረት የሚነካ እጅ በተናቀበት አገር የብረት ሠረገላ ሩቅ ሊሄድ አይችልምና። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ለጦሩ ብሎ የጠረገው መንገድና ያመጣው ካሚዮን፣ ግፉ ሳይረሳ፣ ከነጻነት በኋላ ለዚህ ሥራ መነሻ ሆነ፤ በአገር የቀሩት ጣልያኖች ጋራዥ ከፍተው ሲሠሩ መፍቻ ያቀብሏቸው የነበሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሙያውን በዐይናቸው ቀስመው ወሰዱት። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከዓለም ባንክ ብድር አግኝቶ የአውራ ጐዳና ባለ ሥልጣንን አቋቋመ። ይሁን እንጂ መንገዱ በረዘመ መጠን የመካኒክ ፍላጎት ስለ በዛ፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡት ጥቂት ምሩቃን ለዚያ ሁሉ አውራጃ ሊበቁ አልቻሉም።

ስለሆነም በዲላና በመሰል የመንገድ ዳር ከተሞች ትምህርቱ ይሰጥ የነበረው በካሚዮን ሥር ነው። የቆሎ ተማሪ ከደብር ደብር ዞሮ ከየመምህሩ ዜማውንና ቅኔውን እንደሚቀስም ሁሉ፣ ረዳቱም ከሹፌር ወደ ሹፌር እያለፈ፣ ያለ መጽሐፍና ያለ ደመወዝ ሊባል በሚችል ኑሮ፣ ሙያውን በቃልና በእጅ ይማር ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት ታኮ ነው፤ ካሚዮኑ ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ ሊቆም ሲል ረዳቱ ገና ጎማው መዞሩን ሳያቆም ዘሎ ወርዶ እንጨቱን ከጎማው ሥር ያስገባል፣ ያን ጊዜ የዘገየ እጅ የሰው ነፍስ ያስከፍላል። ሁለተኛው ሽታ ነው፤ ከረጅም ቁልቁለት በኋላ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ የሚሸተውን ለይቶ ማወቅ፣ መዳፉንም ሳያስነካ ወደ ፍሬኑ ታምቡር አስጠግቶ ከጎማዎቹ የትኛው ከሌሎቹ ይልቅ እንደ ጋለ መመርመር። የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ ያፈሰሰ ረዳት ታምቡሩን ሊሰነጥቀው ስለሚችል፣ ይህን ጥፋት በማየት የተማረ ዕድለኛ ነው፤ አለቃው ቆሞ በራሱ እስኪበርድ መጠበቅን ያስተምረዋል።

ከዚያ በኋላ ካሚዮኑ በክሪክ ይነሣል፣ ዳዶው ይፈታል፣ ጎማና ታምቡር ይወርዳሉ፣ ያለቀው ሸራ ከፍሬኑ ጫማ ተነቅሎ አዲሱ በለስላሳ የመዳብ ሪቬት ይመታል፤ የሪቬቱ ራስ ከሸራው ወለል በታች ካልሰመጠ ታምቡሩን ይፍቀዋልና አለቃው በአውራ ጣቱ እየዳበሰ አንድ በአንድ ይቆጣጠራል። በዘይት በሚሠራው ፍሬን ደግሞ አየር ማውጣት አለ፤ አንዱ ጋቢና ውስጥ፣ አንዱ ከሥር ሆነው ሥራውን በጩኸት ይከፋፈሉታል፦ «እርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» ከሥር ያለው ትንሿን ብሎን ከፈት ሲያደርጋት ዘይቱ አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ አረፋው ጠፍቶ ጥሩ ዘይት ብቻ እስኪወርድ ድረስ ይደጋገማል፤ አየር ሲጨመቅ ስለሚሸሽ፣ በቧንቧው ውስጥ የቀረች አንዲት አረፋ የሹፌሩን እግር ባዶ ታስቀራለችና። ቢሆንም ከጥገናው ሁሉ የሚልቀው ምሥጢር፣ በወጡበት ማርሽ መውረድ፣ ማለት ሞተሩ ራሱ ካሚዮኑን እንዲይዝ አድርጎ ፍሬኑን ለክፉ ቀን ማቆየት ነው፤ ይህን ያልተማረ ሰው ምንም ያህል መካኒክ ቢሆን ሹፌር ነው ልለው አልችልም።

በዘመኑ የጭነት መንገዶቻችንን የሞላው ፊያት 682 ሲሆን፣ ይህ ካሚዮን በኢጣልያ መሠራት የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ነው፤ በኋላ የመጣውን ዐይነት ሕዝቡ ኤንትሬ ብሎ ይጠራዋል። በ1962 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አምቼ የተባለው የመኪና መገጣጠሚያ ከፊያት ጋር በሽርክና ሲቋቋም ካሚዮን በአገር ውስጥ መገጣጠም ተጀመረ። የእነዚህ መኪናዎች ሸክም ያረፈው በባሌስትራ ላይ ነው፤ ርዝመታቸው የተለያየ የብረት ንጣፎች ተደራርበው በመሐል ብሎን ይታሰራሉ፣ ጕድጓድ ሲመታም ተለጥጠውና እርስ በርስ ተፋትገው ድንጋጤውን ይውጣሉ። ጭነት ሲበዛ አንዱ ንጣፍ ይሰበራል፤ ጠጋኙም የመሐል ብሎኑን ራስ በአክስሉ ላይ ካለው ቀዳዳ በትክክል ካላስገባው አክስሉ ይንጋደድና ካሚዮኑ ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል። የተሰበረው ንጣፍም አይጣልም ነበር፤ ቀጥቃጩ ወስዶ ገጀራ፣ ማጭድና መቆፈሪያ ያደርገዋል፣ ምክንያቱም ብረቱ እሳትን ሲጠግብ ስለቱ የሚጸና ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ መለዋወጫ ሲጠፋ፣ ካረጀ ካሚዮን አውልቆ ለሌላው መግጠም፣ የቀጠነውን ሸራ ደግሞ ደጋግሞ ማሠራት የዘመኑ ግዴታ ሆነ። ይህን ብልሃት ብዙ ሰው ያሞግሰዋል፤ እኔ ግን በባሌስትራ ነገር ሳመሰግነው በፍሬን ነገር አላመሰግነውም፤ ያለቀ ሸራ ስንቱን ተሳፋሪ ገደል እንደ ከተተ የሚቈጥርልን የለምና።

ዛሬ አስፋልቱ ዲላን አልፎ ሞያሌ ደርሷል፤ በኤንትሬ ፋንታ አይሱዙና ሲኖትራክ ይመላለሳሉ፤ ሙያውም በቴክኒክ ኮሌጅ በወረቀት ይሰጣል፣ ይህም መልካም ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር ከነጥብቅ ደኑ፣ ከነእንሰቱ፣ ከነቡናውና ከነትክል ድንጋዮቹ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ያኰራናል፤ ሆኖም ያን ቡና ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከቁልቁለቱ ያወረዱ ባለ እጆች ታሪክ በመዝገብ ሊቀመጥለት ይገባል። በ1988 ዓ.ም. በኮሌጅነት ተመሥርቶ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የዲላ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የታሪክና የምህንድስና ተማሪዎቹን መቅረጸ ድምፅ አስይዞ ወደየጋራዡ ይስደድ፤ በታኮ ጀምረው ለአለቃነት የበቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ፣ የነገሩትም በስማቸው ይጻፍ።