ክንድ የሚያርፍበት

ባለፈው መስከረም መጀመሪያ፣ አሜሪካ የሚኖር አንድ የልጅነት ወዳጄ ደወለልኝ። ሰላምታው እንዳለቀ፣ «አንተ እኮ የድሮ ጦርነት መጻሕፍት ስታገላብጥ ነው የምትውለው፤ እስቲ ንገረኝ፣ ቀስቴን ሳስተካክል በምን ላይ ላሳርፈው?» አለኝ። ቀስት ያለው ፈረንጆቹ ክሮስቦው የሚሉትን ነው። ለዚህ መሣሪያ በአማርኛ አንድ የጸና ስም አላገኘሁለትም። ደጋኑ በሰደፍ ላይ እንደ መስቀል የተጋደመ፣ አውታሩ ተስቦ የሚቆለፍ፣ እንደ ጠመንጃ በቃታ የሚለቀቅ ቀስት ነው ብል ይሻላል።

ወዳጄ በአደን ወራት ከባልንጀሮቹ ጋር ጫካ ይገባል። ካቻምና አንዲት አጋዘን ወግቶ፣ የደም ጠብታ እየተከተለ እስኪጨልም ቢፈልጋት አላገኛትም። «ያን ሌሊት አልተኛሁም። ያሳተኝ ክንዴ ይሁን መነጽሩ ዛሬም አላወቅሁም፤ አምና ከቤቴም አልወጣሁ» አለኝ። ያን ጊዜ ጥያቄው የዕቃ ግዢ ጥያቄ አለመሆኑ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው መሣሪያውን በእጁ ብቻ ይዞ ሲያነጣጥር ትንፋሹ፣ የልቡ ምት፣ የክንዱ ድካም ሁሉ ከፍላጻው ጋር አብረው ይወጣሉ። ሦስት ጊዜ ወርውሮ ሦስቱም ቢበታተኑ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። መሣሪያው በጸና ነገር ላይ ሲያርፍ ግን ሰውየው፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም፣ ከክሱ ይወጣል። ፍላጾቹ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ከዒላማው መካከል ርቀው ቢሰኩ የተዛባው መነጽሩ ነው። ተደግፎም ቢበታተኑ ከመሣሪያው፣ ከፍላጾቹ ወይም ከቃታው አሳሳብ አንድ ችግር አለ ማለት ነው። መደገፊያ ዳኛ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ይህን መሣሪያ ለመያዝ የሰው ክንድ ብቻውን እንደማይበቃው የጥንቶቹም ያውቁት ነበር። የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት የቀዳማዊ አሌክስዮስ ልጅ አና ኮምኔና፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ አባቷ ዘመን በጻፈችው ታሪክ ውስጥ፣ ከምዕራብ የመጣውንና ግሪኮች የማያውቁትን ይህን ቀስት በመገረምና በጥላቻ ትገልጸዋለች። ባለ ቀስቱ በጀርባው ተንጋልሎ፣ ሁለት እግሮቹን በደጋኑ ላይ ተክሎ፣ አውታሩን በሁለት እጁ ይስባል። ልዕልቲቱ እንዲህ ያለ ዝርዝር መመዝገቧ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1139 ደግሞ ሁለተኛው የላተራን ጉባኤ መሣሪያውን በክርስቲያኖች ላይ ማዋልን አወገዘ። ውግዘቱን የሰማው እምብዛም ነው። እ.ኤ.አ. በ1199 የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ሪቻርድ ሻሉ የተባለውን ምሽግ ከብቦ ሳለ ከቅጥር በተወረወረ ፍላጻ ትከሻው ላይ ቆስሎ፣ ቁስሉ መርቅዞ ሞተ። ከቅጥር ላይ ያለ ተኳሽ ድንጋይ ይከልለዋል፣ ቢሻ ድንጋይ ይደገፋል፤ ሜዳ ላይ ያለው ምን አለው?

ሜዳ ላይ ያለው ጋሻ ነበረው። የጄኖቫ ቅጥረኞች ፓቬዝ የሚባል፣ መሬት ላይ የሚቆም ትልቅ ጋሻ ይዘው ይዘምቱ ነበር። አውታሩ እስኪሳብ ድረስ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ከጋሻው ጀርባ ተቀምጠው ያጠምዱና ተነሥተው ይወረውራሉ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 26 ቀን 1346 በክሬሲ ጦርነት ግን ጋሻዎቹ ከኋላ ከጓዝ ጋር ቀርተው ነበር። ዝናብ ዘንቧል፤ ከዜና መዋዕል ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ አውታሮቹ ረጥበው ነበር ይላሉ። ሰዎቹ በእንግሊዛውያን የቀስት ናዳ ፊት ያለ ከለላ ቆሙ፣ ወዲያውም ሸሹ፤ የቀጠራቸው የፈረንሳይ ፈረሰኛ ጦርም ከሃዲ ናችሁ ብሎ በፈረስ ረገጣቸው። ስለ ክሬሲ የጻፉ ብዙዎች የእንግሊዙን ረጅም ቀስት ያሞግሳሉ። እኔ ግን ልቤ የሚቀረው እነዚያ ጓዝ ውስጥ የተረሱት ጋሻዎች ዘንድ ነው። ጋሻው የክንድ ማሳረፊያ ባይሆን የልብ ማሳረፊያ ነበርና፣ ልቡ ያላረፈ ሰው አያነጣጥርም።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከባዱ ማስኬት ጠመንጃ ሲመጣ ወታደሩ አናቱ ሁለት የሆነ በትር ይዞ መዝመት ጀመረ። በእኛ ቋንቋ ባላ ነው። መሬት ላይ ይተክለዋል፣ አፈሙዙን በሹካው ላይ ያሳርፋል፣ ይተኩሳል። በሚከተለው ዘመን ጠመንጃው እየቀለለ ሲሄድ ባላው ቀረ።

ቀስቱ ግን አንድ ቦታ ከነመደገፊያው እስከ ዛሬ አለ። በጣልያን አገር ኡምብሪያ ውስጥ ጉቢዮ በምትባል ተራራማ ከተማ፣ በሜይ ወር መጨረሻ እሑድ፣ የከተማዋ ባለ ቀስቶች የጎረቤታቸውን የሳንሴፖልክሮን ሰዎች በታላቁ አደባባይ ይገጥማሉ። በሴፕቴምበር ሁለተኛው እሑድ ደግሞ ግጥሚያው ሳንሴፖልክሮ ላይ ይደገማል። ሳንሴፖልክሮ የሠዓሊው የፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ የትውልድ ከተማ ናት፤ ተወዳዳሪዎቹ የእሱን ሥዕሎች የሚያስታውስ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ። ቀስቱ ትልቅ፣ ደጋኑ ብረት ነው፤ በትከሻ ብቻ የሚያዝ አይደለም። ስለዚህ ባለ ቀስቱ ይቀመጣል፣ መሣሪያውንም ከፊቱ ባለ የእንጨት አግዳሚ ላይ ያሳርፋል። ዒላማው 36 ሜትር ርቆ የተሰቀለ ክብ እንጨት ነው። ተራ በተራ ይወረውራሉ፤ ፍላጾቹ እንደ ጃርት እሾህ ስለሚጨናነቁ ኋላ የሚመጣው የቀደሙትን እየገፋ ይሰካል። በመጨረሻ እንጨቱ ይወርድና ለመካከሉ የቀረበው ይመረመራል፤ ሽልማቱ የተሣለ ሰንደቅ ዓላማ ነው።

ክንድን ከነድካሙ ያሳረፈ ውድድር የምን ውድድር ነው ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። እኔም ጠይቄአለሁ። የሚቀረው ጥቂት ነገር ነው፤ ቃታ የምትስብ ጣት፣ አንድ ትንፋሽ፣ የገዛ መሣሪያን ጠባይ ማወቅ። ግን ጉቢዮ ሁልጊዜ አሸናፊና ተሸናፊ አላት።

መቼም ስለዚህ ቀስት ተነሥቶ የሺለርን «ቪልሄልም ቴል» አለማንሣት አይቻልም። ተውኔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1804 ዋይማር ላይ ታየ። አፈ ታሪኩ ግን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ የዛርነን መዝገብ ውስጥ ይገኛል። አባት በልጁ ራስ ላይ የተቀመጠ ፖም እንዲመታ ይታዘዛል። የሺለር ቴል ቀስቱን ያነሣል፣ ዓይኑ ይጭለመለማል፣ መልሶ ያወርደዋል። በኋላ ሲወረውር ደግሞ ደራሲው አያሳየንም፤ መድረኩ ላይ ሌሎች ሰዎች እየተከራከሩ ሳለ ፖሙ ተመቷል የሚል ጩኸት እንሰማለን። ያን ክንድ ያጸናው ምን እንደሆነ ደራሲው ደብቆናል። በአራተኛው ገቢር ግን ቴል አገረ ገዢውን ለመግደል በጠባቡ መንገድ ሲያደባ፣ ለመንገደኛ ማረፊያ በተሠራ የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ከራሱ ጋር ረጅም ንግግር ያደርጋል። ፍላጻውን የሚለቀው ከዚያ ላይ አይደለም። የሚያርፈው ግን እዚያ ነው።

ለወዳጄ ይህን ሁሉ አልነገርሁትም። የነገርሁት አጭር ነው፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ፈልግ፣ በላዩ የአሸዋ ከረጢት አድርግ፣ ከፊት በኩል ሰደፉን ከደጋኑ ወደ ኋላ አሳርፈው። የደጋኑ ክንፎች ሲለቀቁ ስለሚዘሉ ምንም ነገር አይንኩ። ከኋላም ሌላ ከረጢት ይግባበት። አውራ ጣትህን ከአውታሩ መንገድ አርቅ። በቀጫጭን እግሮች የሚቆመውን መደገፊያ ለጫካ ተወው፤ ለመፈተኛ ከባድ ነገር ይሻላል። በ20 ሜትር ሦስት ወርውርና ከሦስቱ በፊት መነጽሩን አትንካ።

ከሳምንት በኋላ ደወለ። ሦስቱም ፍላጾች በአንድ መዳፍ በሚሸፈን ቦታ ተሰክተዋል፤ ከመካከሉ ግን አራት ጣት ወደ ግራ። መነጽሩን ከሰደፉ ጋር የያዘው ብሎን ላልቶ ኖሯል።

«ስለዚህ ክንድህ አይደለም» አልሁት።

ጥቂት ዝም አለ። «ብሎኑን አጥብቄ መፈተሽ የነበረብኝ እኔ አይደለሁ?» አለኝ። ዘንድሮ ጫካ ይግባ አይግባ ገና አልቆረጠም።